ፉርሽካ ጨምርለት

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አባቴ ከአዋሽ ደወለልኝ። እኔ ሰመራ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ። አባቴ በሥራ ሰዓት አይደውልም፤ የመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው በስልክ መረበሽ የለበትም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይ የያዝኩትን ሥራ ትቼ አነሳሁት።

«ባልደረባዬ አሞታል» አለኝ።

ባልደረባዬ የሚለው ውሻውን ነው። አባቴ ዕድሜውን በሐዲድ ጥገና የጨረሰ ሰው ነው። በአሮጌው መስመር ባቡር መምጣት ካቆመ በኋላም ከሠራተኞቹ ግቢ፣ ከሁለት ክፍል ቤቱ አልወጣም። እናቴ ከሞተች፣ እኔም ሰመራ ተመድቤ ከሄድኩ ወዲህ፣ እዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ውሻው ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ወደ ጣቢያው ይወርዳሉ። ውሻው ይቀድማል፤ አባቴ ከኋላ እየተከተለ፣ ማንም ሳያዘው፣ የላላ ብሎን ካለ ያያል። ፀሐዩ ሳይበረታ ይመለሳሉ። ስም አላወጣለትም። «ሰው አብሮት የሚሠራውን ስም አያወጣለትም» ይል ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያምጣል። ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ይቆማል፣ ምንም የለም። ትናንት እንደ ኖራ የነጣች ጠጠር የምታህል ነገር ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ እሷም የለች። እስቲ አንቺ ባለዲግሪዋ፣ ምን ላድርግለት?»

ባለዲግሪዋ የሚለኝ ሲቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። የእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ ስመጣ ግቢው ውስጥ የታመመ በግ ያለው ሁሉ በእኔ በኩል እንዲያልፍ ያደርግ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት መኖ ነው፤ ከብት ምን ቢበላ ወተት ይሰጣል፣ ፍየል በድርቅ በምን ይከርማል፣ እሱን ነው የማውቀው። ይህን ስነግረው «ሆድ ሆድ ነው» ይለኛል።

ያ ነጭ ጠጠር ከምን እንደመጣ አውቄያለሁ። እሑድ ዕለት እዚያው ነበርኩና።

የአባቴ ውሻ በሁዳዴ የጾመኛ ቤት ውሻ ነው። እንጀራ በሽሮ፣ ጎመን፣ የድንች ልጣጭ፣ ያገኘውን ይበላል። በእነዚያ ሃምሳ አምስት ቀናት ስለ ሆዱ አንድም ቀን ችግር አልተሰማም። ፋሲካ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በግቢያችን የቆየ ልማድ አለ፤ ከሁሉም ቤት የበዓሉ የመጀመሪያ አጥንት ለአባቴ ውሻ ይመጣል። ግቢውን ሁሉ የሚጠብቀው እሱ ነውና ድርሻው ነው ይባላል። ስለዚህ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ሰው በሳህን፣ በድስት ክዳን፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አጥንት ይዞ ይመጣል። የበግ ጎድን፣ የቅርጫ በሬ ቅልጥም፣ የዶሮ እግር። ሁሉም የበሰለ ነው። ሁሉም እንዲበላላቸው ቆመው ያያሉ።

ወደ አባቴ ጠጋ ብዬ «አባዬ፣ የበሰለ አጥንት ለውሻ ጥሩ አይደለም። ይፈረካከስና አንጀቱ ውስጥ ይጋገራል» አልኩት።

«ሃምሳ አምስት ቀን ከእኔ ጋር ጾሟል» አለኝ። «ዛሬን ተዪው።»

በዚያው ሰዓት ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ትልቅ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኒህ ሴትዮ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ ድምፃቸው ግቢውን የሚሞላ፣ እናቴ ስትታመም ያስታመሟት ሰው ናቸው። አጥንቱን ከእጃቸው ልቀበል፣ ምክንያቱን በትሕትና ላስረዳ ፈለግሁ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ሁለት ጊዜ አዘጋጀሁት። የወጣኝ ግን «እንኳን አደረስዎ» የሚለው ብቻ ነው። ሳህኑን ውሻው ፊት ገለበጡት። ሰኞ ጠዋት እኔ ወደ ሰመራ ተሳፈርኩ፤ አጥንቱ ሰኞም ማክሰኞም ቀጥሏል።

ረቡዕ ስልኩን ይዤ ስቀመጥ፣ ከፊት ለፊቴ፣ ከሁለት ክንድ የማይበልጥ ርቀት ላይ፣ የእንስሳት ሐኪም ተቀምጠው ነበር። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። ዶክተሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ በዚህ በአዋሽ ሸለቆ ግመል ሲያክሙ የኖሩ፣ ሰላትን የማያስተጓጉሉ፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ ከሰላምታና ከሥራ በቀር አንድ የግል ቃል አልተለዋወጥንም። ስለ ውሻ ባነሳባቸው ቅር የሚላቸው መሰለኝ። ደግሞ የእኛ ቢሮ የግመልና የከብት ነው፤ የአባቴ ውሻ አልወጣ አለው ብዬ ለእሳቸው እንዴት እላለሁ? ማንም እንዲህ አስቢ አላለኝም። እሳቸውን ሳልጠይቅ በእሳቸው ፋንታ የመለስኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ነበረበት፤ ሆድና መኖ የእኔ ትምህርት ነው።

በትምህርታችን አሰር የሚባል ነገር አለ። የእህልና የሣር፣ ሆድ ሳይፈጨው የሚያልፈው ክፍል ነው። ለላም ሕይወቷ ነው፤ የስንዴው ቅርፊት፣ ፉርሽካ፣ በእሱ የተሞላ ነው። ስለ ውሻ የተማርነው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያም በአእምሮዬ የቀረው «መጠነኛ አሰር ድርቀትን ያቃልላል» የሚለው ነው። አብሮት የተነገረ ነገር እንደነበር አልጠራጠርም። እኔ ግን የያዝኩት የሚጠቅመኝን ግማሽ ነው።

«ፉርሽካ ይገኛል?» አልኩት አባቴን።

«ወፍጮ ቤት መቼ ጠፍቶ።»

«ከምግቡ ጋር ደባልቀህ ስጠው። አጥንት የሚባል እንዳይነካ።»

«ምን ያህል ላድርግ?»

አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ ገባ። «ሁለት እፍኝ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት እፍኝ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት እኔው ደወልኩ።

«በላ?»

«አንቺ ያዘዝሽውን እምቢ ሊል? በወጥ ለውሼ ሰጠሁት፤ ሳህኑን ላሰው።»

«ወጣለት?»

«የለም። ውሃም እምብዛም አይጠጣም። ሆዱን ስነካው ጠንክሯል፣ ይሸሸኛል።»

ውሃ አይጠጣም ያለኝ እሱ ነው። ሆዱ ጠነከረ ያለኝ እሱ ነው። አንድ የሐዲድ ሠራተኛ በዓይኑና በእጁ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ የመለስኩለት «ጨምርለት» ብዬ ነው። «ፉርሽካውን ጨምርለት፣ ይገፋዋል።»

«እሺ» አለኝ፣ ልክ የበላዩ እንዳዘዘው።

አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ሲጠራ ገና ቢሮ አልደረስኩም። አባቴ ነበር፤ ውሻው ሲያስመልሰው እንዳደረና ከተኛበት መነሳት እንዳቃተው ነገረኝ። ባለዲግሪዋ አላለኝም።

«ልጄ፣ ይሞታል እንዴ?» አለኝ። አባቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እናቴ ሆስፒታል ሳለች እንኳ።

ቢሮ ስደርስ ዶክተሩ ገና ወንበራቸውን እየጠረጉ ነበር። ሰላምታውን ረሳሁትና ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አጥንቱን፣ ነጩን ጠጠር፣ ፉርሽካውን፣ ትውከቱን። እያወራሁ ጠረጴዛውን ነበር የማየው።

«ውሃ ይጠጣል?» አሉኝ።

«አይጠጣም።»

«ፉርሽካውን በምን ለውሰው ሰጡት?»

«በወጥ።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ቀን። ሁለተኛው ቀን ላይ ጨምርለት ብያለሁ።»

መጥረጊያውን አስቀመጡ። «ከእንግዲህ በአፉ ምንም እንዳይሰጡት። አሁኑኑ ደውዪና ንገሪያቸው» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ስልካቸውን አንስተው አዋሽ ለሚያውቁት አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደወሉና ወደ አባቴ ቤት ላኩት። ስልካቸውን ሲዘጉ እንዲህ አሉኝ፦

«አሰር ውሃ መጥጦ ነው የሚያለሰልስ። ውሃ ካጣ ያገኘውን ይዞ ይደርቃል። አጥንት የዘጋው አንጀት ላይ ደግሞ ከላይ አይጨመርም፤ መጀመሪያ መንገዱ ይከፈታል። ይህንንኮ ረቡዕ ብትጠይቂኝ በሁለት ቃል ነበር የምነግርሽ፣ እህቴ።»

«ስለ ውሻ ላነሳብዎት ፈራሁ» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፈገግ ሊሉ ፈልገው ተዉት። «የእንስሳት ሐኪም ነኝ እኮ። ውሻውም አማና ነው፤ በእጃችን የተሰጠን። ቂጣም ቢሆን አብልቼ የማሳድራቸው ሁለት ውሾች በበረቴ አሉኝ» አሉኝ። ከዚያ «በይ አሁን ሂጂ፤ ፈቃዱን እኔ እነግርልሻለሁ» አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ አገኘሁ። በረሃውን ስንወርድ በየመንገዱ ዳር የቆሙትን የጅቡቲ መኪኖች እየቆጠርኩ ሌላ ነገር ላለማሰብ ሞከርኩ። ገዋኔ ስንደርስ የጁምዓ ሰዓት ሆነ። ሾፌሩም አብዛኛው ተሳፋሪም ወርደው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ጥላ ላይ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። ባለሙያው መጥቶ ግሉኮስ እንደሰቀለለት፣ በታች በኩል ለብ ያለ ውሃ እየሰጠው እንደሆነ ነገረኝ። «ትንሽ ትንሽ እየመጣ ነው» አለኝ። አንዱ ተሳፋሪ ሲመለስ ፊቴን አይቶ «እህት፣ አይዞሽ፣ አላህ ያቃልለው» አለኝ፤ ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ።

አዋሽ የገባሁት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከግራሩ ሥር፣ ውሻው በአባቴ አሮጌ የሥራ ካፖርት ላይ ተኝቷል። አባቴ ጭንቅላቱን ይዟል። ባለሙያው፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ወጣት፣ ጓንቱን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። አጠገቡ ካለው ላስቲክ ላይ ያወጣው ነገር ነበር። የተቦካ ሲሚንቶ ይመስላል፤ ነጭ፣ በውስጡ የአጥንት ስባሪ፣ ዙሪያውን የፉርሽካ ቅርፊት የተለጠፈበት። በእንጨት ሰነጠቀው። ውስጡ ደረቅ ነበር።

«አጥንቱ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ይወጣለት ነበር» አለ ባለሙያው። «ይህ ነው የከፋው። ገና ወደ ውስጥ ብዙ አለ። ፉርሽካ ስጡት ያለው ማነው?»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። እርግጠኛ ነኝ፣ ከፍቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ያዘነ ይመስላል። «አባት፣ ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ይጠይቁ» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሁለትም አያስፈልግም።

ውሻው አንድ ጊዜ ቀና አለና ወደ በሩ አየ። ባለሙያው ሊጨምርለት ሌላ ውሃ እያሞቀ ሳለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ትንፋሹ አጠረ። አባቴ እጁን ከጆሮው ላይ አላነሳም። ባለሙያው መጥቶ አየውና ግሉኮሱን ዘጋ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አባቴና ወጣቱ ከአጥሩ ማዶ ቆፈሩ። ሲመለሱ ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። እንባቸውን እየጠረጉ አባቴን ይቆጡታል፤ ሲያዝኑም የሚቆጡ ሰው ናቸው።

«አንተ ሰውዬ! እንስሳ አደራ አይደለም እንዴ? ፉርሽካ! ላም መሰለህ? እቤትህ የተማረች ልጅ እያለች!»

«ልጄማ ነግራኝ ነበር» አለ አባቴ። «እሑድ ዕለት አጥንቱን ተው ብላኛለች። ያልሰማሁ እኔ ነኝ።»

«አየህ! አልሰማ ባይ!»

ይህ ሁሉ እውነት ነበር፤ ነግሬዋለሁ። እሑድ ዕለት ያልኩት አንድ ትክክለኛ ነገር ረቡዕና ሐሙስ ያጠፋሁትን ሸፈነልኝ። አባቴ ለመጣው ሰው ሁሉ ደገመው፤ «ልጄ ተው ብላኝ ነበር።» ሰውም እኔን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። አንዲት ሴት ትከሻዬን ዳበሰችኝ። እኔ ሻይ አፈላሁ፣ ስኒ አቀረብኩ፣ ስኒ አነሳሁ። ሥራ የያዘ ሰው እንዲናገር አይጠበቅበትም። ዓይን አፋርነቴን ልጅነቴን ሙሉ እንደ ጨዋነት ነበር የምቆጥረው። ሌሎችም እንደዚያ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ግን፣ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ሰው ሁሉ እየተፈራረቀ ሲወቅሰው፣ ጨዋ አልነበርኩም።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ወደ ጣቢያው አልወረደም። ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ፉርሽካውን ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ጨምርለትም ያልኩት እኔ ነኝ። ውሃ አይጠጣም ስትለኝ አልሰማሁህም። ፊት ለፊቴ ሐኪም ነበረ፤ ለመጠየቅ አፈርኩ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ጆሮ አለኝ እኮ። ወጣቱ የሚለውን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«የሰጠሁትማ እኔ ነኝ።» ጫማውን አየ። «አንቺ ገና ብዙ ሰው የሚያምንሽ ልጅ ነሽ። እኔን አላዋቂ ቢሉኝ ምን እሆናለሁ? ተዪው፤ ለሰው ምን ያደርግለታል።»

እንዲቆጣኝ ነበር የፈለግሁት። አልተቆጣኝም። ከዚያ ቀን ወዲህም ስለ ማንም ሰው በግ፣ ስለ ማንም ሰው ዶሮ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጀሪካን አንስቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ። ቅዳሜ ስለነበር ሰልፉ ረጅም ነው። ከማዶ ያሉት ጎረቤታችን ከፊቴ አራተኛ ሆነው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን ሴቶች ናቸው፤ ወሬውም የእኛው ውሻ ነበር። አጠገባቸው ሄድኩ።

«ፉርሽካውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ! ይቺ ልጅ ድሮም የምታወራው ለራሷ ጆሮ ነው።» ሴቶቹ ሳቁ።

«ፉርሽካውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ አሁን ሁሉም እንዲሰማ። «በስልክ። ሁለት ጊዜ። አባቴ ያልኩትን ነው ያደረገው። ትናንት የተቆጡት ያለ ጥፋቱ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አንዷ ከኋላ «ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?» አለች። ጎረቤታችን ዞር ብለው «አንቺ ዝም በይ» አሏትና ወደ እኔ ተመለሱ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«አጥንቱስ? እኔ ሳህኑን ይዤ በራችሁ ላይ ስቆም፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«አፈርሽ» አሉ፣ ቃሉን እየመዘኑ። ከዚያ ጀሪካናቸውን መሬት ላይ ተዉት፣ ነጠላቸውን አጣፉና ሰልፉን ለቀው፣ ባዶ እጃቸውን፣ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ሄዱ።

ጀሪካናቸውን አንስቼ በቦታቸው ቆምኩ። ተራው ሲደርስ የእሳቸውን ሞልቼ ዳር አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ከሰልፉ ወጥቼ፣ የእኔን ይዤ፣ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ቆምኩ።